ስካኑ ላይ የማይታይ ሴንሰር፦ ግማሹ ተቃጥሎ ይሆን?

ሽቦ አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የአየር ግፊት ሴንሰር ሦስት ቀን ሙሉ ይዞኛል። ከአሮጌ የመለኪያ መሣሪያ ያወጣሁት ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያናግር ፕሮግራም፣ ስለሌለው ራሴ እየጻፍኩለት ነው። የሚገናኘው በአይቱሲ ባስ ነው፤ ብዙ ቺፖች ሁለት ሽቦ ተጋርተው እያንዳንዳቸው በአድሬሳቸው የሚጠሩበት መስመር ነው። ያገኘሁት ዳታሺት (የቺፑ መግለጫ ወረቀት) ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን፣ አድሬሱ በሄክስ (በ16 መሠረት ቁጥር) ለመጻፍ ኤፍ0፣ ለማንበብ ኤፍ1 ነው ይላል።

ባሱን ስካን ሳደርገው ሰንጠረዡ ሰረዝ በሰረዝ ነው፣ ምንም ቺፕ አልተገኘም ማለት ነው። ዲቫይስ ትሪው (ለከርነሉ ሃርድዌሩን የሚዘረዝረው ፋይል) ላይ ኤፍ0 ብዬ ስሰጠው ከርነሉ ባለ 7 ቢት አድሬሱ ልክ አይደለም አለኝ። እንግዲያው ባለ 10 ቢት ይሆናል ብዬ የ10 ቢት ፍላጉን ጨመርኩ። አሁን ፕሮብ (የድራይቨሩ መነሻ ፋንክሽን) ይጠራል፣ ንባቡ ግን በኤረር ይመለሳል።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው። ሎጂክ አናላይዘር (የሽቦውን ሲግናል የሚያሳይ መሣሪያ) አስሬ ሳየው ቺፑ የመጀመሪያውን ባይት ይቀበላል። የ«ተቀብያለሁ» ምልክት በሚሰጥበት ዘጠነኛው ክሎክ ላይ የዳታው መስመር ቁልጭ ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛውን ባይት ግን አይቀበልም። ግማሹ ተቃጥሎ ይሆን? ሌላ የለኝም፣ ባጣው በጣም ያሳዝነኛል።

የድሮ ቦርድ፦
አይዞህ፣ ቺፕህ ደህና ነው። ኤፍ0 አድሬሱና የመጻፊያው ቢት አንድ ላይ ተጽፈው ነው። ብዙ ዳታሺት እንዲህ ይጽፋል። የመጨረሻዋን ቢት ጣላት፣ ሄክስ 78 ይቀርሃል። ሊኑክስ የሚፈልገው እሱን ነው።

ስካኑ ያላየው 78 ከተከለሉት አድሬሶች አንዱ ስለሆነ ነው። ከ78 እስከ 7ቢ ያሉት ለባለ 10 ቢት አድሬስ መክፈቻ የተያዙ ናቸው። ስካኑ ደግሞ 77 ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ አናላይዘርህ ተመለስ። ባለ 10 ቢት አድሬስ ሲላክ የመጀመሪያው ባይት በ11110 ይጀምራል። ከዚያ የአድሬሱ ሁለት የላይኛ ቢቶች ይመጣሉ፣ በመጨረሻ የመጻፊያው ቢት። ያንተ 11110000 ሆነ፤ ይህ ራሱ ኤፍ0 ነው! ስለዚህ ቺፑ ስሙ ሲጠራ «አቤት» አለ። ቀጥሎ የመጣው ባይት ግን ለእሱ የአድሬስ ቅሪት አይደለም፣ የተጻፈለት ዳታ ነው። አላወቀውም፣ ዝም አለ።

ፍላጉን አሁኑኑ አንሣው። ሌላ ቺፕ ቢሆን ያንን ባይት ተቀብሎ ሴቲንጉን ሊያበላሽ ይችል ነበር። ዲቫይስ ትሪው ላይ 78 ብቻ ጻፍ። ከርነሉ በግልጽ ከነገርከው እስከ 7ኤፍ ድረስ ይቀበላል። የተከለሉትን የሚዘለው ራሱ ቺፕ ሲያስስ ነው።

ሁለት መስመር፦
በዚያ ባስ ላይ እውነተኛ ባለ 10 ቢት ቺፕ እንዳትጨምር። አድሬሱ ከ0ኤፍኤፍ ካልበለጠ የመጀመሪያ ባይቱ ያው ኤፍ0 ስለሆነ ሁለቱም አቤት ይላሉ። የግድ ከሆነ በማልቲፕሌክሰር (ባሱን ወደ ተለያዩ ቅርንጫፎች በሚከፍል ቺፕ) ለያቸው። ደግሞ ምክንያቱን ድራይቨሩ አናት ላይ በኮመንት ጻፈው። ከዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው 78ን ሲያይ ስህተት መስሎት ሊቀይረው ይችላል።

ሽቦ አንባቢ፦
ሠራ! ፍላጉን አንሥቼ 78 ስሰጠው አራት ባይት አነበበልኝ። ቀጭን ቱቦ ሰክቼ እፍ ስልበት ቁጥሩ ይወጣል፣ ስተወው ይመለሳል። ኮመንቱንም ጽፌዋለሁ። ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ያየሁት ነገር፣ ቶሎ ቶሎ ሳነብ የመጀመሪያው ባይት ሁለት የላይኛ ቢቶች ከ00 ወደ 10 ይቀየራሉ፣ ግፊቱ ግን ያው የቅድሙ ነው። አዲስ ልኬት ገና ስላልደረሰ ይመስለኛል። በሁለት ንባብ መሃል ትንሽ ጨምሬ እሞክረዋለሁ።