ጎፈር ጌሾዬን ከሥሩ እየበላብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

የጌሾ እናት (ኤልክ ግሮቭ፣ ካሊፎርኒያ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጓሮ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ።

የምንኖረው ከሳክራሜንቶ ወደ ደቡብ፣ ኤልክ ግሮቭ ነው። ጓሮዬ ትልቅ አይደለም፤ ግን የምበላው ሁሉ አለበት። ከአጥሩ ጥግ ጌሾ፣ ከፊቱ ሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም። የጌሾውን ችግኝ ያመጣልን ኦክላንድ የሚኖር የባለቤቴ ዘመድ ነው። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ከእኔ በልጧል። ለበዓል ጠላ የምጠምቀው በእሱ ቅጠል ነው።

ካለፈው ወር ጀምሮ ሣሩ ላይ የአፈር ቁልል መውጣት ጀመረ። ጠዋት ደልድዬው ሄጄ ማታ ከሥራ ስመለስ አጠገቡ ሌላ ቆሞ አገኛለሁ። ጎረቤቴ አይቶ "ጎፈር ነው" አለኝ፤ እኛ አገር ፍልፈል እንደምንለው ዓይነት ማለት ነው። ቀጥሎ ጎመኑ ይጠወልግ ጀመር። ውሃ አላነሰውም፣ የጠብታ ቱቦ ዘርግቼለታለሁ። አንዱን ግንዱን ይዤ ሳብ ባደርገው ምንም ሳይታገለኝ ወጣ። ሥር የሚባል የለውም፤ አፈር ውስጥ የነበረው ጫፉ በጥርስ ተከርክሞ ሹል ሆኗል። ሌላውንማ ቆሜ እያየሁት ነው መሬት የዋጠው። ቅጠሉ ነቅነቅ አለ፣ ቆም አለ፣ እንደገና ዝቅ አለ፣ በመጨረሻ የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ውጭ ቀረ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ጌሾው ነው። በአንድ በኩል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እየረገፈ ነው፣ ግንዱንም ስነካው ይወዛወዛል። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትመጣ ነው፤ በስልክ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ "ጌሾሽ እንዴት ነው?" እያለች ነው።

መርዝ ልግዛ? ሁለት ትንንሽ ልጆችና ድመት አሉን። ውሃ በጎማ ልልቀቅበት? በኢንተርኔት የሚሸጠው፣ መሬት ላይ ተተክሎ የሚንጫጫው ዘንግስ ይሠራል? ደግሞስ ጌሾው ይተርፍልኝ ይሆን?

በሶብላ (ላስ ቬጋስ)

እህቴ፣ የጉሎ ዘይት ሞክሪ። ከሳሙናና ከውሃ ጋር አደባልቀሽ ጉድጓዱ አካባቢ አርከፍክፊው። ሽታውን አይወደውም ይባላል። ጤና አዳሙንም በጌሾው ዙሪያ ትከዪው።

ጋሽ አትክልተኛ (ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ)

እህቴ አይዞሽ። ጎፈሩ ይያዛል፣ ጌሾውም የመትረፍ ዕድል አለው። እኔ እዚህ ሳን ሆዜ የምተዳደረው የሰው ጓሮ በመሥራት ነው። ጎፈር ያልገጠመኝ የጸደይ ወቅት ስለሌለ በደንብ ላስረዳሽ።

የጎፈር ቁልል ከላይ ሲታይ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። አፈሩ ወደ አንድ ወገን ይበተናል፤ በሌላው ወገን፣ ጎደል ባለው በኩል፣ በአፈር የተደፈነ ክብ አፍ ታያለሽ። ቁልሉ ዙሪያውን እኩል ክብ ሆኖ አፈሩ ከመሐል የፈነዳ ከመሰለ ሞል የሚሉት ሌላ እንስሳ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ትል ነው። አፉ ክፍት ሆኖ የሚታይ ጉድጓድ ከሆነም ጎፈር አይደለም። አንቺ የነገርሽን ግን፣ ጎመኑ ወደ ታች መጎተቱ፣ ጎፈር ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ጎፈር ከመራቢያ ጊዜው በቀር ብቻውን ነው የሚኖረው። ግቢሽ በቁልል ቢሞላም ባለቤቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ ጎፈር መንገድ እስከ 2,000 ካሬ ጫማ የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቁልሉን እየቆጠርሽ አትሸበሪ። ዝም ብለሽም አትጠብቂው፤ ክረምት ገባ ብሎ የሚተኛ እንስሳ አይደለም፣ ውሃ በማይለየው ግቢ ደግሞ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ይወልዳል።

መርዝ ልጆችና ድመት ባሉበት ግቢ በፍጹም አላስገባም። መርዝ የበላ ጎፈር ደክሞ ቢወጣና ድመትሽ ብትበላው መርዙ ወደ እሷ ያልፋል። ሌሊት ጎፈር የሚለቅምልንን ጉጉትም እንዲሁ ይገድለዋል። ካሊፎርኒያ ከ2021 ጀምሮ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን የአይጥ መርዞች በሕግ እያጠበቀች የመጣችው እነዚህ አዳኝ እንስሳት ስለተጎዱ ነው። ውሃውንም ተይው። የሚመገብበት መንገድ ከላይ ከ6 እስከ 12 ኢንች ላይ ቢሆንም ጎጆውና የምግብ ማከማቻው እስከ 6 ጫማ ሊወርድ ይችላል፤ የለቀቅሽው ውሃ እዚያ ሳይደርስ አፈሩ ይጠጣዋል። የሚንጫጫው ዘንግ ደግሞ ገንዘብሽን ከማባከን ሌላ ጥቅም የለውም፤ ደንበኞቼ ግቢ ዘንጉ ከተተከለበት ሥር አዲስ ቁልል አይቻለሁ። በሶብላ፣ ምክርህ ከቅንነት መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ጉሎ ዘይትም ሆነ ጤና አዳም ጎፈርን ከሚወደው ሥር ሲያርቀው አላየሁም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተባይ ባለሙያዎችም ጎፈርን የሚያባርር ሽታ እንዳላገኙ ጽፈዋል።

የሚሠራው ወጥመድ ነው። የድሮው ማካቢ ይባላል፤ እዚሁ አጠገባችን ሎስ ጋቶስ ይኖር የነበረ ዘፊር ማካቢ የሚባል ፀጉር አስተካካይ በ1900 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው፣ ዛሬም ይሸጣል። ጎፊኔተር የሚባለው አዲሱ ከእሱ ይጠነክራል፣ ትልልቆቹንም ይዞ ያስቀራል። እኔ እሱን ነው የምጠቀመው። ሁለት ግዢ፤ ለምን ሁለት እንደሆነ አሁን ይገባሻል።

አፈሩ ገና እርጥብ የሆነ፣ የዛሬ ቁልል ምረጪ። ከተደፈነው አፍ ወገን ከ8 እስከ 12 ኢንች ራቅ ብለሽ ቀጭን ብረት ዘንግ ወደ መሬት ግፊ። አፈሩ ሲታገልሽ ቆይቶ ዘንጉ ድንገት ሁለት ኢንች ያህል ዘጭ ካለ ዋናውን መንገድ አገኘሽ ማለት ነው። አንዴ እጅሽ ከለመደው አትስቺውም። እዚያ ላይ በትንሽ አካፋ ቆፍሪ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄድ፣ ስፋቱ ሦስት ኢንች ገደማ የሆነ ለስላሳ ቀዳዳ ታያለሽ። ጎፈሩ ከየት በኩል እንደሚመጣ ስለማይታወቅ አንዱን ወጥመድ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አፋቸውን ወደ ውስጥ አድርገሽ አጥምጂ። ሁለቱንም በሽቦ ከችካል ጋር እሰሪያቸው፤ ካልታሰሩ ቆስሎ ይዞት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ሌላ አውሬ ጎፈሩን ከነወጥመዱ ይወስደዋል። ከዚያ ጉድጓዱን በጣውላ ክደኚና ከላዩ ድንጋይ ጫኚበት፤ የልጆችሽ እጅና የድመትሽ እግር እንዳይገባ። ጓንት አድርጊ። ጠዋትና ማታ ተመልከቺው። በሦስት ቀን ውስጥ ካልያዘ ነቅለሽ ሌላ ትኩስ ቁልል ዘንድ አጥምጂ።

የጌሾ እናት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ ከሥራ መልስ ሄጄ አየሁት፤ ልክ እንዳሉት ግማሽ ጨረቃ ነው፣ የተደፈነው አፍም ወደ ጌሾው ወገን ነው። ብረት ዘንግ ስላልነበረኝ የባለቤቴን ረጅም የመኪና ብሎን መፍቻ ተጠቅሜ ወጋሁት፤ ዘጭ አለ!

ወጥመዱ እስኪደርስልኝ ጥቂት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ጉድጓዱን ከፍቼ ብተወው ይሻላል ወይስ ልድፈነው? ከአጥሩ ሥር ያሉት አሮጌ ቁልሎችስ አሁንም ጎፈር እንዳለባቸው በምን ይታወቃል?

የሰላሌ ልጅ (ፍቼ)

እኔ አሜሪካን አላውቅም፤ ግን የጠየቅሽውን ከፍልፈል አውቀዋለሁ። ፍልፈል ብርሃንና ነፋስ ወደ ቤቱ ሲገባ አይችልም። መንገዱን ከፍተሽ ተዪው፤ በማግስቱ በአፈር ተደፍኖ ካገኘሽው ባለቤቱ አለ፣ ክፍት ሆኖ ከሰነበተ ትቶት ሄዷል። አባቴ ድንች እርሻ ውስጥ የሚያጠምደው በዚህ ጠባዩ ነው። ተጣጣፊ እንጨት መሬት ላይ ተክሎ ያጎብጠውና ጫፉ ላይ ገመድ ያስራል። የገመዱን ሸምቀቆ የተከፈተው መንገድ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፍልፈሉ ቀዳዳውን ሊደፍን አፈር እየገፋ ሲመጣ እንጨቱ ተፈናጥሮ ሸምቀቆው ይይዘዋል። ባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ ትልቁ ፍልፈል ነው።

ጋሽ አትክልተኛ

የሰላሌው ወንድሜ እውነቱን ነው። ጎፈርም እንደዚሁ ነው፤ የተከፈተበትን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይደፍነዋል። አሮጌዎቹን በየቦታው ከፍተሽ ፈትኚያቸው። ጌሾው አጠገብ ያለውን ግን ወጥመዱ እስኪደርስ አትነካኪው፤ ደጋግሞ ከተረበሸ ያን መንገድ ዘግቶ በሌላ በኩል ይዞራል።

ስለ ጌሾው ረስቼው ነበር። ሥሩ ስለተቀነሰ ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። ከቁመቱ ሲሶውን ያህል ቁረጪለት፤ ጌሾ ተቆርጦ የሚያቆጠቁጥ ተክል ነው፣ አትሳሺለት። የቆረጥሽውን ደህናውን ቅጠል ጥላ ውስጥ አድርቂው፣ ለእናትሽ ጠላ ይሆናል። ከግንዱ ሥር ባዶ የሆነውን ቦታ በአፈር ሞልተሽ በእግርሽ ቀስ አድርገሽ ጠቅጥቂው። ግንዱን ከችካል ጋር በጨርቅ እሰሪው። ውሃ በመጠኑ፤ መሬቱ ጭቃ ከሆነ የተረፈውም ሥር ይበሰብሳል።

የአትክልት እናት (ሎስ አንጀለስ)

ጋሼ ከተናገሩት ላይ እኔ የምጨምረው ሽቦ ነው። ወጥመዱ አሁን ያለውን ይይዝልሻል፤ ባዶ የቀረውን መንገድ ግን የጎረቤት ጎፈር አግኝቶ ይወርሰዋል። እኔ ከታች ሽቦ ሳልዘረጋ ምንም አልተክልም።

የዶሮ ሽቦ አትግዢ፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ቶሎም ይዝጋል። ሃርድዌር ክሎዝ የሚባለውን፣ ዚንክ የተቀባውን፣ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነውን ጠይቂ። ለጎመንና ለቃሪያ ከእንጨት መደብ ሥሪና ከሥሩ ሽቦውን ዘርግተሽ ጫፉን ወደ ላይ አጥፈሽ ከጣውላው ጋር በምስማር ምቺው። ትንሽ ክፍተት ካገኘ በዚያች ይገባል። ጣውላው ከመሬት አንድ ጫማ ከፍ ቢል ለጎመን ሥር ይበቃል።

አዲስ የጌሾ ችግኝ ስትተክዪ ደግሞ ከዚያው ሽቦ ቅርጫት ሥሪለት፤ ለዛፍ ቀዳዳው ሦስት አራተኛ ኢንች ቢሆን ሥሩ እንደልብ ይወጣል። አፉ ሁለት ጫማ ያህል ስፋት ይኑረው፣ ጠርዙም ከአፈሩ በላይ ጥቂት ኢንች ይታይ፤ ጎፈር ማታ ማታ በላይም ይወጣል። ሽቦውን ስትቆርጪ ወፍራም ጓንት አድርጊ፣ ጫፉ ሥጋ ይበጣል። የተተከለውን ጌሾ ነቅለሽ ቅርጫት ውስጥ ልክተተው እንዳትይ፤ ባለበት አቆዪው። ዙሪያውን በሽቦ ልጠርው ካልሽ ሁለት ጫማ ያህል ወደ ታች መቆፈር አለበት፤ ከመቆፈርሽ በፊት ወደ 811 ደውዪ፣ የጋዝና የመብራት መስመሩን በነፃ ምልክት ያደርጉልሻል።

የጌሾ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጌሾውን ቁመት ቆርጬ ቅጠሉን ጋራዥ ውስጥ አንጥፌዋለሁ። ወጥመዱም ደርሶልኛል፤ ባለቤቴ ነገ ከእኔ ጋር ያጠምዳል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሲያዝ ምን ላድርገው? ልጄ "ፓርክ ወስደን እንልቀቀው" እያለች ነው።

ጋሽ አትክልተኛ

የልጅሽ ልብ ደግ ነው፤ ግን የያዙትን የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክልክል ነው። ይህ ወጥመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገድሎ ነው የሚይዘው። ልጅቷ ሳታይ ቀድመሽ ተመልከቺው። በጓንት አንስተሽ በሁለት ፌስታል አሥረሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው፣ ወይም ድመቷ የማትደርስበት ቦታ በጥልቀት ቅበሪው። ከዚያ ቁልሉን ሁሉ በሬክ ደልድይው። አንድ ሳምንት ቆይተሽ አዲስ ቁልል ከወጣ ሌላ ጎፈር አለ፤ ያኔ የተደፈነው አፍ በየት ወገን እንደሆነ አይተሽ ጻፊልኝ።