ክርክር፦ ቤንዚኑ ይቀየር ወይስ ኑሮው?

መነሻ፦ ፒካንጊኩም በሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ፣ ካናዳ፣ ያለ ሩቅ የኦጂብዌ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) መንደር ነው። ከ2006 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 16 ልጆች በራሳቸው እጅ ሕይወታቸው አልፏል። የክፍለ ሀገሩ ዋና አስክሬን መርማሪ በ2011 ባወጣው ሪፖርት ለመስከር ቤንዚን ማሽተት ተደጋግሞ ይነሳል። አውስትራሊያ ከ2005 ጀምሮ ኦፓል የተባለ፣ የማያሰክር ቤንዚን ለሩቅ መንደሮች ታቀርባለች። ፒካንጊኩምስ ይግባ?

ቆፍጣናው፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ኦፓል ውስጥ የሚያሰክሩት ውህዶች፣ እነ ቶሉይን፣ ከ25 በመቶ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርደዋል። ሞተሩ ይሠራል፣ ልጁ አይሰክርም። አውስትራሊያ ውስጥ የሚያሸቱ ልጆች ቁጥር በግልጽ ቀንሷል። አለቀ።

የዊኒፔጉ፦ ወንድሜ፣ ቀስ በል። እዚያም አንዳንድ ማደያዎች አንሸጥም ብለው በ2013 ሕግ ማውጣት ግድ ሆኗል። ፒካንጊኩም ውስጥ ጀልባውም አደኑም በቤንዚን ነው። ለአንድ መንደር ልዩ ነዳጅ ማን ያመርታል? ማንስ ይከፍላል?

ቆፍጣናው፦ መንግሥት ይክፈላ! አውስትራሊያም የምትደጉመው እኮ ነው።

ነርሷ፦ ሁለታችሁም ስለ በርሜሉ ነው የምታወሩት። ልጁ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ትንሽ ጠብ አድርጎ ይስባል፤ ወዲያው ብርዱም ረሃቡም ይረሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆችን ያየ ያውቀዋል። «ፖሊስ ይቆጣጠር» የሚል ካለም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲስብ ያገኛችሁትን ልጅ እየጮኻችሁ አታሯሩጡት። ቤንዚን የሳበ ሰው ድንጋጤና ሩጫ ሲጨመርበት የልብ ምቱ ተዛብቶ እዚያው ሊሞት ይችላል።

ተጠራጣሪው፦ የመንደሩ ትምህርት ቤት በ2007 ተቃጠለ፤ አዲሱ የተከፈተው በ2016 ነው። በሪፖርቱ ጊዜ አብዛኛው ቤት የቧንቧ ውኃ አልነበረውም። ሪፖርቱ ራሱ 100 ምክረ ሐሳብ ነበረው። ነዳጅ መቀየር ለባለሥልጣን ይቀለዋል፤ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል።

ቆፍጣናው፦ እሺ፣ ቤቱ እስኪሠራስ? ልጁ የሚያሸተው እኮ ዛሬ ማታ ነው!

ነርሷ፦ ይቀየር፣ አልቃወምም። ግን መጀመሪያ የመንደሩ ምክር ቤት ይጠየቅ እንጂ ከዋና ከተማዋ ከኦታዋ አይወሰንለት። ማገገሚያም አብሮ ይኑር፤ ቤንዚኑ ሲጠፋ ቀለምና ማስቲሽ ሱቅ ውስጥ አለ።

የዊኒፔጉ፦ ምክር ቤቱ ከፈለገ እኔም እደግፋለሁ። ዋጋው ግን ከቤት መሥሪያው በጀት አይነካ።