ፌስቡክ የቧንቧ ውሃ ነው? የሐዋሳ ልጆች ክርክር

የታቦር ልጅ፦ ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጃችን «ፌስቡክና ቴሌግራም ዛሬ የቧንቧ ውሃ ናቸው፣ መንግሥት እንደ መብራትና ውሃ ይቆጣጠራቸው» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ሲከነክነኝ አደረ። የካቲት 2015ን ረሳችሁት? ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ድረስ በቪፒኤን ነው የኖርነው። አንዴ ለዘጋ እጅ ነው መፍቻውን የምትሰጡት?

ባለ ቡቲኳ፦ እኔ ከሰውየው ጋር ነኝ። ልብስ የምሸጠው በአንድ መተግበሪያ ነው። አምና ገጼ ተዘጋ። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ምክንያት የለም፣ የሚደወልበት ስልክ የለም። የሦስት ዓመት ደንበኛ በአንድ ሌሊት ጠፋ። ውሃ ቢቆረጥብኝ እንኳ ሄጄ የምጮህበት መስኮት አለ። እኔ የምፈልገው ያንን መስኮት ነው።

የአቶቴው፦ እህቴ፣ በገጽሽ አዝናለሁ። ግን ይሄ «የቧንቧ ውሃ» የሚባል ነገር ያሳስታል። ቧንቧ ለማን ምን ልስጥ ብሎ አይመርጥም። ፌስቡክ ይመርጣል። የሚያናድደውን ጽሑፍ አናት ላይ ያመጣልሻል፣ የአክስትሽን ልጅ ሠርግ ሳታዪው ያልፋል። ቧንቧው ቴሌና ሳፋሪኮም ናቸው። እነሱ ደግሞ ተቆጣጣሪ አላቸው።

ባለ ቡቲኳ፦ የሚመርጥ ከሆነማ ይብሳል! ለምን እንደመረጠ ይንገረኛ።

ሕግ ተማሪ፦ አሜሪካ ውስጥም ይሄው ክርክር አለ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በ2021 እ.ኤ.አ. እነዚህ መድረኮች እንደ ስልክ ኩባንያ ሁሉንም ያለ አድልዎ እንዲያገለግሉ ማስገደድ ይቻል ይሆናል ብለው ጽፈዋል። አውሮፓ በሌላ መንገድ ሄደ። ገጽ የዘጋ ድርጅት ምክንያቱን ይጻፍ፣ አቤቱታ ይቀበል ይላል ሕጉ። እምቢ ካለ ቅጣቱ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። የእህታችን መስኮት ይሄ ነው። ቧንቧ ማለት አያስፈልግም።

የታቦር ልጅ፦ ወንድሜ፣ አውሮፓ ፍርድ ቤቱም ያለው እዚያው ነው። የኛው አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግር በ24 ሰዓት ይነሳ ይላል። ስለ ማንሳት ነው የሚያወራው። በስህተት ለተነሳበትስ?

አሞራ ገደል፦ ሁላችሁም ስለ መዘጋት ታወራላችሁ። ውሃ ካላችሁት ንጽሕናውን ማን ይመርምር? የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ጥላቻ አሰራጭቷል ተብሎ በ2022 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ተከሷል። ሰው ሞቷል። በሲዳምኛ የተጻፈ ዛቻ ካሊፎርኒያ ያለው ቢሮው ውስጥ ማን ያነበዋል?

የአቶቴው፦ «ሲዳሙ አፎ» በል። ቋንቋው ስም አለው።

አሞራ ገደል፦ እናቴ በአማርኛ ስታወራ ሲዳምኛ ነው የምትለው። እሷን ልታርማት ነው? ጥያቄዬን መልስ።

የአቶቴው፦ እናትህን አላረምኩም። እዚህ የጻፍከው አንተ ነህ። ለጥያቄህ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይቅጠሩ። ለዚህ የውሃ ሕግ አያስፈልግም።

ሕግ ተማሪ፦ ማን ያስገድዳቸው? ያለ ሕግ በፈቃዳቸው አይቀጥሩም።

የታቦር ልጅ፦ ሕግ ይኑር፣ ግን ለሚኒስቴር የማይታዘዝ ተቋም ይያዘው። እንደዚያ ዓይነት ተቋም ካሳያችሁኝ ነገውኑ እፈርማለሁ።

ባለ ቡቲኳ፦ እሱ እስኪገኝ እኔ ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየደወልኩ ልፈልግ?