የሙከራ ሰንጢ ከመደበኛው ይበልጣል? ልቀይረው ወይስ ልያዘው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ሲያርፉ ሁለት ሰንጢ ትተውልኛል። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ሞዴል ናቸው። አንደኛው ከነካርቶኑና ከነወረቀቱ ያለ፣ ስለቱ መሳያ ድንጋይ ነክቶት የማያውቅ መደበኛ ምርት ነው። ሌላው ግን ለየት ይላል። ተራ ቁጥር የለውም፣ የብረቱ ዓይነት አልተጻፈበትም፣ የእጀታው ብሎኖች ከዚያኛው ጋር አይመሳሰሉም፣ ስለቱ ስር ላይ ደግሞ «ፕሮቶ» ተብሎ በእጅ ተጭሮበታል። አንድ ሰብሳቢ አይቶት «እሱን ስጪኝና ሦስት አዳዲስ ሰንጢ ልስጥሽ» አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «ያላለቀ ዕቃ ማን ይገዛዋል» ብሎ አጣጣለብኝ። ማንን ልመን? ስለቱ ላይ የጠቆረውንስ ወልውዬ ላሳምረው?

ዝገት_ጠሉ፦
ከሁሉ በፊት መወልወያውን አስቀምጪ! ቀይ ዝገት ካለ ብቻ ዘይት በነካ ጨርቅ ቀስ ብለሽ አንሺው። ግራጫው ወይም ጥቁሩ የዕድሜው መልክ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ከእሱ ጋር ስለቱ ሲሠራ የቀሩት የመሞረጃ መስመሮችም ይጠፋሉ፤ በእጅ ነው በማሽን የተሠራው የሚለውን ለመለየት ደግሞ እነሱ ያስፈልጉሻል።

አሮጌ_ሰንጢ፦
እህቴ፣ «ፕሮቶ» ማለት «ፕሮቶታይፕ»፣ የሙከራ ናሙና ማለት ነው፤ በዚህ አንድ ቃል ብዙ ዓይነት ዕቃ ይጠራል፤ ሰው የሚምታታበትም ለዚህ ነው። ንድፉን ያወጣው ባለሙያ ሐሳቡን ሲሞክር በገዛ እጁ የሠራው አለ፤ ከሁሉም የሚፈለገው ይሄ ነው፣ ብዙ ጊዜም አቻ የለውም። ፋብሪካው ማሽኖቹን እያስተካከለ የሚያወጣቸው ጥቂት ናሙናዎችም አሉ፤ ያንቺ ከእነዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከሽያጭ በፊት ለነጋዴዎች ማሳያ የሚሰጡት ግን ከመደበኛው እምብዛም አይለዩም። የመጀመሪያ ዙር ምርትንም ከእነዚህ ለይተሽ እዪው። ቤንችሜድ የሚባለው ሰንጢ አምራች ስለቱ ላይ «ፈርስት ፕሮዳክሽን» ብሎ ከ1000 ስንተኛው እንደሆነ የሚጽፍባቸው ሰንጢዎች አሉት፤ ደስ የሚሉ ናቸው፣ ግን ምርት ናቸው እንጂ ናሙና አይደሉም።

በእጅ የተጫረ ጽሑፍ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ በማጉያ መነጽር እዪው። የአጠቃቀም ጭረቶች በፊደሎቹ ላይ አልፈው ከሄዱ ጽሑፉ ይቀድማል። ፊደሎቹ የድሮዎቹን ጭረቶች ቆርጠው ውስጣቸው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን በቅርብ የተጨመሩ ናቸው። የብረቱ ስምም ውሸትን ያጋልጣል። አንድ ሻጭ «የ1990ዎቹ ናሙና» ብሎ ያሳየኝ ሰንጢ ስለቱ ላይ ኤስ30ቪ ይላል፤ ያ ብረት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አመስግኜ መለስኩለት።

ሞረድ፦
አሮጌ ሰንጢ ባሉት እስማማለሁ፤ ግን መደበኛውን ምርት ባይንቁት እመክራለሁ። የመደበኛ ሰንጢ ዋጋ የሚታወቀው መሰሎቹ በስንት እንደተሸጡ ስለሚታይ ነው። ናሙና ማነጻጸሪያ የለውም። ሁለት ሰዎች አጥብቀው ከፈለጉት ጨረታው ይሰቀላል፤ ፈላጊው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። እርስዎም አሁን ያሉት እዚህ ላይ ነው።

ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው መደበኛ ምርቶች ብዙ ናቸው። ስፓይደርኮ የተባለው ሰንጢ አምራች እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው «ወርከር» በአንድ እጅ መክፈቻ ክብ ቀዳዳና ኪስ ላይ መስቀያ መቆንጠጫ ይዞ የመጣ የድርጅቱ የመጀመሪያ ሰንጢ ነው፤ ሰዎች እያሰሱ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ሌላው አምራች ኬስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለቱ ስር 10 ነጥብ አትሞ በየዓመቱ አንድ አንድ ይቀንስ ነበር። ሰብሳቢው ነጥቦቹን ቆጥሮ ዓመቱን ያውቃል፤ የጎደለውን ዓመት ለመሙላትም ይፈልጋል። ናሙና እንዲህ ዓይነት ተርታ ውስጥ አይገባም።

ደግሞም እንግዳ የመሰለ ሁሉ ናሙና አይደለም። ኦፒኔል የሚባለውን የፈረንሳይ ሰንጢ ያለ መቆለፊያ ቀለበት አይቶ «ናሙና ነው» ብሎ የተከራከረኝ ሰው ነበር። ቀለበቱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ በቁጥር ከሚለዩት መጠኖቹ ትንንሾቹማ ዛሬም የላቸውም። ከተራረፉ ክፍሎች የተገጣጠመ ሰንጢም ቁጥር አይኖረውም፣ ብሎኑም ይለያል። ወረቀት ወይም ደብዳቤ የለዎትም?

ጠያቂ፦
በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ጭረቶቹ «ፕ» እና «ሮ» ላይ አልፈው ይሄዳሉ። የአጎቴን ወረቀቶች ሳገላብጥ ደግሞ ከንድፍ አውጪው የተጻፈች አጭር ደብዳቤ አገኘሁ። የሞዴሉን ስም ጠቅሶ «ሞክረውና መቆለፊያው ከላላ ንገረኝ» ይላል። ቀኑ ከመደበኛው ሰንጢ ወረቀት በስምንት ወር ይቀድማል።

አሮጌ_ሰንጢ፦
እሰይ! እንግዲህ ያቺን ደብዳቤ እንደ ሰንጢው ጠብቂያት። ያለ እሷ እጅሽ ላይ ያለው ቁጥር የሌለው ሰንጢ ብቻ ነው፤ ከንጹሑ ምርት ያነሰ ሊሸጥ ሁሉ ይችላል።

ለፋብሪካው ጻፊ። ፎቶ ላኪ እንጂ ሰንጢውን ራሱን አትላኪ። ጥገና ክፍል ከገባ ብሎኑን በአዲስ ሊቀይሩት፣ ስለቱንም ሊስሉት ይችላሉ። እነሱ ለደንበኛ የሚያደርጉት ደግነት ነው፤ ያንቺን ማስረጃ ግን ይበላዋል። ፎቶውን ስታነሺ ሁለቱን ሰንጢ ጎን ለጎን አድርጊ፦ ከፍተሽ፣ ዘግተሽ፣ ብሎኖቹን አቅርበሽ፣ መቆለፊያውን ከውስጥ። ናሙናው በምን እንደሚለይ የሚናገርልሽ መደበኛው ነውና ብትሸጪም አትነጣጥያቸው።

ዝገት_ጠሉ፦
ቆዳ ማኅደር ውስጥም አታቆዪው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረትም ያዝጋል። ስስ ዘይት ቀብተሽ ደረቅ ቦታ አኑሪው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሥራ አንድ ፎቶ አንስቼ ዛሬ ልኬአለሁ። ለሰብሳቢው እንደማልቀይር ስነግረው ስለ ደብዳቤዋም አነሳሁበት፤ ትንሽ ዝም ብሎ «እንግዲያውስ ስድስት ልስጥሽ» አለኝ። አሁንም አልሰጠሁትም። ፋብሪካው ሲመልስልኝ እጽፍላችኋለሁ።