የጀልባው ቻርጅ ኮንትሮለር፦ ሁለት ዓይነት ሶልደር ቀላቅዬ ነው የተነቀለው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ወደ ዘጌ የሚመላለስ የሞተር ጀልባ የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ከፀሐይ ፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ መጣልኝ። የባትሪው ተርሚናል፣ ገመዱ የሚገባበት፣ ከቦርዱ ለቋል። ቦርዱ ሊድ ፍሪ ነው፣ ማለትም እርሳስ በሌለው ሶልደር (ቀልጦ በሚያያይዝ ብረት) የተበየደ፣ ተጽፎበታል። እኔ ያለኝ 60/40፣ እርሳስ ያለበት ሶልደር ነው። በነባሩ ላይ ጨምሬ በየድኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ። ብየዳው ደብዘዝ ብሎ አሸዋ አሸዋ ይላል። ጓደኛዬ «ሁለቱ አይጋቡም፣ ጥፋቱ ያንተ ነው» አለኝ። እውነት ነው? ባለጀልባው ነገ ጠዋት ይመጣል።

ባለቴስተሩ፦ ይጋባሉ ወንድሜ። በጥገና ሁሌም የምናደርገው ነው። ችግሩ ሁለቱ አንድ ላይ ካልቀለጡ ነው። ያንተ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። የተለመደው ሊድ ፍሪ፣ ቲን፣ ብርና መዳብ ያለበት፣ ከ217 በኋላ ነው። የባትሪ ተርሚናል ደግሞ ወፍራም መዳብ ላይ ስለሚቀመጥ ሙቀቱን ይመጥብሃል። ላዩ ቀልጦ ታቹ ሳይነካ ቀርቶ ይሆናል። ድብዝዝ ማለቱ ግን ምንም አይነግርህም፣ ሊድ ፍሪ ሲፈጠርም እንዲሁ ነው። በፒኑ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ካለ እሱን እይ።

ሆት ኤር፦ አሮጌውን በመምጠጫ አንሳውና በአዲስ ጀምር። ፍላክስ፣ ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባውን፣ አትሰስት። የብየዳ ካውያህ ቀጭን ጫፍ ከሆነ በሰፊው ቀይረው፣ 350 አካባቢ አድርገው። እኔ ግን ሶልደሩን አልከስም። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እያንቀጠቀጠው፣ ወፍራሙ የባትሪ ገመድ በብየዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ሶልደር ገመድ መያዣ አይደለም! ገመዱን ከሳጥኑ ጋር እሰረው።

የቢስሙቱ ሰው፦ ከመጨመርህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። ሊድ ፍሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ቢስሙት የሚባል ብረት ያለበት፣ በ138 ዲግሪ የሚቀልጥ አለ፣ አንዳንድ ርካሽ የሶልደር ፔስት እንዲያ ነው። እሱና እርሳስ ሲገናኙ በ96 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነገር ይፈጠራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሳጥን ውስጥ፣ ብዙ አምፔር የሚያልፍበት ተርሚናል ላይ እንዲህ ያለውን አልመኝልህም። አሮጌው ሶልደር ካውያው ገና ሲነካው የሚፈስ ከሆነ ጠርጥር።

እህታችሁ፦ እናንተ ስለ ዲግሪ፣ እኔ ስለ እጅ። እርሳሱ በዚህ ሙቀት አይተንም፣ ጭሱ የፍላክሱ ነው። እሱም ቢሆን አይማግም፣ መስኮት ክፈቱ። እርሳሱ ግን ጣት ላይ ይቀራል። እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንጎርሰው። በሳሙና፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር። ወንድሜ ሶልደሩን በጥርሱ ይዞ ሲበይድ አይቼው ጮኼበታለሁ።

ጠያቂ፦ እጄን ታጥቤ ነው የምጽፈው። አሮጌውን አነሳሁት፣ ለካውያው ቶሎ አልታዘዘም፣ ስለዚህ ቢስሙት አይመስለኝም። ሥሩ እውነትም ቀለበት ነበረው። ቦርዱ ላይ ያለው የመዳቡም ጠርዝ ተነስቷል። በወፍራም ሽቦ ወደ ቀጣዩ ነጥብ ድልድይ ሠራሁለት፣ ሰፊ ጫፍ ተውሼ በአዲስ ሶልደር በየድኩት። ገመዱንም አሰርኩት። ባለጀልባው መጥቶ «እስከ መቼ ነው አሁን?» አለኝ። ገመዱን ማንም እስካልጎተተው አልኩት።

ሆት ኤር፦ ጎበዝ። ሂሳብ አስከፈልከው ወይስ?

ጠያቂ፦ የሽቦውን ብቻ። የመጀመሪያው የኔ ጥፋት ነው ብዬ።