ክርክር፦ ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅ ቆዳ ፋብሪካ ይዘጋ?

መነሻችን ቆዳ ፋብሪካዎች ያሉባት ሞጆ ከተማ ናት። ማጣሪያውን በአግባቡ የማያሠራ ፋብሪካ፣ ሠራተኛው ቢበተንም ይዘጋ ወይ?

የሞጆ ልጅ፦ ይዘጋ! አንዳንድ ቀን የወንዛችን ውሃ ሰማያዊ ይሆናል፣ ዳር ዳሩን አረፋ ይይዛል። ሽታው ምሳ አያስበላም። ከብቶቻችን ግን ሌላ ውሃ የላቸውም። ወንዙ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ ነው። ታች ያለው ገበሬ በዚያው ያጠጣል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለ። እኛን አይመለከትም እንዴ?

የፈረቃ ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ ይዘጋ ማለት ቀላል ነው። የቤት ኪራዬ ከዚያው ነው የሚወጣው። በ2014 አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከምንሸጥበት ከአጎዋ ስታስወጣን ሀዋሳ ልብስ ፋብሪካዎች ላይ ስንት ሴት ልጅ ሥራ ፈታች? አንዴ የሄደ ገዢ ቶሎ አይመለስም።

የቆዳ ኬሚስት፦ ችግሩ መፍትሔ አለው። ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል፣ ክሮሙ፣ ሁሉም ቆዳው ላይ አይቀርም፤ በተለመደው አሠራር ሲሶ ያህሉ ከውሃው ጋር ይሄዳል። በገንዘብ የተገዛ ኬሚካል ነው እኮ! ያንን ውሃ ለብቻ አጠራቅሞ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል። ለፀጉር ማንሻ የሚገባው ሰልፋይድም ለብቻው መሄድ አለበት። ከአሲዳማው ፍሳሽ ጋር ከተቀላቀለ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ፈረቃ ላይ ያለውን ነው።

የፈረቃ ሠራተኛ፦ እውነት ነው። እኔ የሠራሁበት ፋብሪካ ማጣሪያ ነበረው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይበራል፣ ሲሄድ ይጠፋል። መብራት ይበላል፣ ወጪ ነው ይሉናል።

የሕግ ባለሙያ፦ ወጪ ነው ማለት መልስ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም የጋራ ማጣሪያ ይዞ ነው። ሞጆም የጋራ ማጣሪያ ይኑራት፣ እያንዳንዱ በለቀቀው ልክ ይክፈል። እስከዚያው ማጣሪያው በጠፋ ቁጥር ምርቱ ይቁም፤ የዚያን ቀን ደመወዝ ባለቤቱ ይሸፍን።

የፈረቃ ሠራተኛ፦ ደመወዙ በጽሑፍ ከተገባልን እኔም ከሕግ ባለሙያዋ እህቴ ጋር ነኝ።

የሞጆ ልጅ፦ እኔ ግን ገና ነኝ። ፋብሪካው ራሱ ናሙና ወስዶ ራሱ ንጹሕ ነኝ እንዳይል። የምርመራው ውጤት በየወሩ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ። ደጋግሞ የተያዘ ደግሞ ይዘጋ፣ ከዚህ አልወርድም።