ጥቆማ፦ ጅማ ላይ የሚበር ወፍ ለማንሳት ገንዘባችሁን ምን ላይ ታውሉታላችሁ?

ጅማ ዳር ባለው የቦዬ ረግረግ ያነሳኋቸውን ክሬን የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ «ሌንሱ ስንት ነው? ከየት ተከራየኸው?» የሚለኝ በዝቷል። ፎቶዎቹ የተነሱት በአሮጌ ካኖን 700ዲ ካሜራ እና በ55-250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው (ቁጥሩ ሲያድግ ሩቁን ያቀርባል)። ለዚያ ቀን ያወጣሁት ገንዘብ የባጃጅ ኮንትራት ብቻ ነው።

ይህን የምለው ግን መጀመሪያ ተሞኝቼ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ 150-600 ሌንስ ለሦስት ቀን ተከራይቼ፣ መያዣ አስይዤ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ እንደ ሕፃን ታቅፌው መጣሁ። አንዱን ቀን ዝናብ በላው። በሁለተኛው ቀን ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ነገር ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ስይዝ ክንዴ ዛለ። በሦስተኛው ቀን ሹተር ስፒዱን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/500 ሴኮንድ ላይ ረስቼው ክንፉ ሁሉ ጭስ ሆኖ ወጣ። ሌንሱ ምንም አልበደለኝም፤ እጄ አልተለማመደም ነበር።

ልምምዱ ደግሞ እዚሁ በነፃ አለ። ቄራ አካባቢና ሂርማታ ገበያ ላይ ጭልፊቶቹ ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ። ዝቅ ብለው ይበራሉ፣ ሰው አይፈሩም፣ ቢያመልጧችሁ ተመልሰው ይመጣሉ። የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ እንዲያጠራ ፎከሱን ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮን ላይ ኤኤፍ-ሲ አድርጉት። እንደ 700ዲ ባሉት 9 የፎከስ ነጥብ ብቻ ባላቸው ካሜራዎች የመሃሏን ነጥብ ብቻ ተጠቀሙ። ሹተር ስፒዱ ለጭልፊት 1/2000፣ ቀስ ብሎ ለሚቀዝፍ ትልቅ ወፍ 1/1250 ይበቃል፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ ተዉት። ሰማዩ ነጭ ከሆነ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ (እጥፍ) ጨምሩ፣ አለበለዚያ ወፏ ጥላ ብቻ ትሆናለች። ለነጭ ሳቢሳ ግን በተቃራኒው ቀንሱ። በነገራችን ላይ ቄራው ጋ ከጭልፊቶቹ መሃል የምታዩት ትንሹ ጥምብ አንሳ፣ ራሱ ላይ ቆብ ያጠለቀ የሚመስለው፣ በዓለም ደረጃ የመጥፋት ከፍተኛ አደጋ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው። እኛ ቀና ብለን እንኳ አናየውም።

ከዚያ ጅሬን ውጡ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ለወፍ አንሺ የሚሰጠው ነገር አለ፦ ከላይ ስለምትቆሙ ጭልፊቱ ከዓይናችሁ ትይዩ ወይም ከታች ያልፋል፣ ከጀርባውም ነጭ ሰማይ ሳይሆን አረንጓዴ ተዳፋት ይሆናል። ይህንን ምንም ኤዲቲንግ አያመጣላችሁም።

ቦዬ ሌላ ነው። ራሷ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ጉትዬ ያላት ጥቁሯ ክሬን ያለችበት ረግረግ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሳችሁ አንድ ቦታ ቁጭ በሉ። ወፍ የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው፤ ስለዚህ ነፋሱና ፀሐዩ ከጀርባችሁ ይሁን፣ ወደ እናንተ እየመጣች ትነሳለች። እኔ ይህን የተማርኩት እዚያ ከብት ከሚጠብቁ አንድ አባት ነው። «አትከተላት፣ ቅደማትና ጠብቃት» አሉኝ። ሌንስ ያላመጣውን ቅርበት ያመጣልኝ ይኸው ነው። ጡብ የሚሠራበትና ባሕር ዛፍ የተተከለበት ጫፍ እየሰፋ ስለሆነ ግን ሂዱ፣ ቶሎ ሂዱ።

ኪራይ የግድ ካላችሁ፣ እዚሁ ከሰርግ ፎቶና ቪዲዮ አንሺዎች 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ብርሃን ይበዛል) ለምናችሁ ተከራዩ፤ ሰኞና ማክሰኞ ሥራ ስለማይኖራቸው ዋጋ ይቀንሳሉ። እንደ 700ዲ ባለ፣ ምስል የሚቀበለው ሰሌዳ (ሴንሰሩ) ትንሽ በሆነ ካሜራ ላይ 200ው እንደ 320 ይሆናል። ለቦዬ ያጥራል፣ ለጭልፊትና ጅማ አቅራቢያ ላለው «በለጠ ጌራ» ለሚባለው ደን ግን ከ150-600 እመርጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ጫካው ውስጥ ጨለማ ነው፣ ያ ረጅሙ ሌንስ ደግሞ 600 ላይ ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ውስጡ ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ በጅማ እርጥበት ይብሳል እንጂ አይሻልም።

ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰነፍኩና ለሰርግ ኤዲተር ሰጠሁት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን የለመደውን ፕሪሴት (ዝግጁ ማስተካከያ) ጫነበትና የጭልፊቱ ላባ እንደ ሙሽራ ጉንጭ ተለሰነ። ራሳችሁ ሥሩ። ስልክ ብቻ ላለው ስናፕሲድ የሚባለው አፕ ነፃ ነው፣ ለተለመደው የፎቶ ፋይል ለጄፒጂ ይበቃል። ላይትሩም የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ከሁሉም ይመቻል፣ ነገር ግን ክፍያው በዶላር ስለሆነ በእኛ ካርድ ጣጣ ነው፤ ስልክ ላይም ራው (የካሜራውን ጥሬ ፋይል) ለመክፈት መክፈል አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የጨመሩት ኖይዝ (ፎቶ ላይ የሚወጣ ሽፍታ) ማጥፊያ ግሩም ነው፣ የኔ ላፕቶፕ ላይ ግን አንዱን ፎቶ ሲጨርስ አቦል ተጠጥቶ በረካ ይደርሳል። እኔ የምጠቀመው ዳርክቴብል የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያበሳጫል።

በየትኛውም ብትሠሩ ክሮፕ ስታደርጉ (ጠርዙን ስትቆርጡ) ከምንቃሯ ፊት ቦታ ተዉ፣ ወፏ ግድግዳ ልትገጭ አይምሰል። ሻዶውን (ጨለማውን ክፍል) ከፍ አድርጉ፣ በክንፉ ጠርዝ የሚወጣውን ወይን ጠጅ መስመር አጥፉ። ሻርፕ (ጥርት) የምታደርጉት ወፏን ብቻ፣ ኖይዝ የምታጠፉት ሰማዩን ብቻ ይሁን። ሰማዩ ላይ በየፎቶው አንድ ቦታ የሚታይ ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። በአፍ አትንፉበት፣ ምራቅ ይባስ ያበላሸዋል። ፋርማሲ የሚሸጠው የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎማ፣ አዲስና ደረቅ ከሆነ፣ ጥሩ ማናፈሻ ነው።

ለማሳተም ስትሰጡ «ማሽኑ በራሱ እንዳያስተካክል» በሉ። እኔ ሳልናገር የሰጠሁት ጥቁር ክሬን ግራጫ ሆኖ ወጥቷል። መጀመሪያ ትንሽ አሳትማችሁ እዩ።

የመጪው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ቦዬ እሄዳለሁ። ባጃጁ ላይ ሁለት ሰው ቦታ አለ፣ ሂሳቡን እንካፈላለን። ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ነጭ ልብስ ግን አትልበሱ።